ውኃ ውስጥ የሚሄደው መንገድ

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ከኋላዬ ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ ስልኳ ላይ ያገኘችውን ጽሑፍ ለጓደኛዋ እያነበበች ትተረጉምላታለች። ባሕር ማዶ ባለ አንድ አገር፣ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ይደበቁበት የነበረ ረግረግ ተቆፍሮ የሸክላ ስባሪና የእሳት ከሰል ተገኝቶ፣ በየት በኩል እንዳመለጡ ታወቀ ይላል። የሐረጎን ዳገት እየወጣን ነበር፤ መኪናው ያቃስታል፤ በመስኮቱ የሚገባው አየር ከቆላው ሙቀት ወደ ባሕር ዛፍ ሽታ እየተለወጠ ነው።

«እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለች ጓደኛዋ። «ቢኖር ኖሮ በትምህርት ቤት ይነግሩን ነበር።»

ሠላሳ ዓመት ያህል ያስተማረ ሰው እንዲህ ሲባል ሰምቶ ዝም ማለት ይቸግረዋል። ዘወር ብዬ፣ «አለ እንጂ የኔ ልጅ። እኔ በእግሬ ሄጄበታለሁ» አልኳት። ሁለቱም ትክ ብለው አዩኝ። መናገር ጀመርኩ፤ ግን ሐረጎ አጭር ነው፣ ታሪኩ ረጅም ነው፣ ወሬው ሳያልቅ ደሴ ገባን። ልጆቹ ቅር እያላቸው ወረዱ። እኔም ቤቴ ገብቼ ስብሰለሰል አመሸሁና መጻፍ ይሻላል አልኩ።

ያደግኩት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። አባታችን ሰይድ ልብስ ሰፊ ነበር። እናታችን እኔ መልኳን ሳላውቀው ሞታ፣ ያሳደገችን የአባባ ታላቅ እህት ሉባባ ናት። እትዬ ሉባባ ባሏ ሞቶባት ልጅም ሳትወልድ እኛ ቤት ገባች፣ እናትም አክስትም ሆነችን። እኛ የምላችሁ እኔንና በጥቂት ዓመት የምትበልጠኝን እህቴን ከድጃን ነው። ቤታችን ትንሽ ነበረች። የደሴ ጉም በር ካልዘጉበት እንደ ዘመድ ሰተት ብሎ ገብቶ ይቀመጣል፤ እትዬ በነጠላዋ ጫፍ እያባረረች «ሂድ እንግዲህ፣ ምሳ የለም» ትለው ነበር።

ቤተሰባችን በየዓመቱ፣ ክረምቱ ወጥቶ የቦርከና ወንዝ ሲጎድል፣ «ዝየራ» የሚለው ጉዞ ነበረው። የወሎ ሰው ዝየራ ሲባል የሚያውቀው ሌላ ነው። ጎረቤቶቻችን ድቤ ይዘው፣ መንዙማ እያሉ፣ በግ እየነዱ ወደታወቁ ሼኾች ቦታ ይሄዳሉ። የእኛ ግን ድቤም የለው፣ ሼኽም የለው። በአውቶቡስ ወደ ቆላው፣ ወደ ሐርቡ ከተማ እንወርዳለን፤ ዘመድ ቤት እናድራለን፤ ሲነጋጋ ወደ ምዕራብ ወደ ተራራው እንዞራለን። ከዚያ ሽቅብ ነው፤ ገደል ገደሉን ወጥተን፣ በደጋው ጫፍ ዞረን፣ በጦሳ ተራራ ጀርባ አድርገን ኩታበር አካባቢ አንድ የገበሬ ደጃፍ ስንደርስ ዱዓ አድርገን እንመለሳለን። ጎረቤት «የእነ ሰይድ ዝየራ ድምፅ የለውም» ይል ነበር። እውነታቸውን ነው። የጉዞው ሕግ ዝምታ ነበር።

ሌላም ሕግ ነበረው። እሳት አይነድም፤ ስለዚህ የምንበላው በሶና ጭኮ ነው። ጭኮው በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፤ በቆላው ሙቀት ቅቤው እየቀለጠ ጣት ላይ ይቀራል፣ ያንን መላስ የጉዞው ትልቁ ደስታዬ ነበር። ሌላው ሕግ፣ እስከ ደጋው ድረስ ማንም ማንንም በስሙ አይጠራም። እትዬ ስትፈልገን በምላሷ ጠቅ ታደርጋለች፣ ወይ ታጨበጭባለች። ከሁሉም የሚገርመው ግን የወንዙ ነገር ነው። ከሐርቡ በላይ ወደ ገደሉ የሚያስገባ አንድ ጅረት አለ፤ ከጎኑ ከብት የሚሄድበት ደህና መንገድ አለ። እኛ ግን ጫማችንን አውልቀን፣ ልብሳችንን ሰብስበን፣ ውኃው ውስጥ ነው የምንሄደው። ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ውኃው ጠዋት ጠዋት አጥንት ይሰብራል። ከብት የሚነዱ ሰዎች ዳር ቆመው «ምነው፣ መንገዱ ጠፋባችሁ?» እያሉ ይስቁብናል። በልጅነቴ ውኃው በረካ ያለው ይመስለኝ ነበር። እትዬን ስጠይቃት «እናቴም እንዲህ ነው የሄደችው» ትለኛለች፤ ከዚያ በላይ አትናገርም።

ጅረቱ ካለቀ በኋላ ገደሉ ሆድ ውስጥ አንድ የድንጋይ ጥላ አለ፤ ሙሉ ዋሻ አይባልም፣ ከቆላው ቀና ብለው ቢያዩት አይታይም። ውስጡ ሆነው ሲያዩ ግን የቦርከና ሜዳ ከነማሽላው እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል። እዚያ አርፈን በሶ እንበላለን። እትዬ ከዕቃዋ አንድ እፍኝ እህል አውጥታ ከጥላው ጥግ ካለች ጎድጓዳ ቦታ ትጨምራለች። «ለማን ነው?» ስላት «ለኋለኛው» ትለኛለች። ኋለኛው ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልጅ ደግሞ ሳይነገረው መኖርን ይለምዳል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ዓመት ነበር። ከድጃን ኮምቦልቻ ያደገ ኑሩ የሚባል መካኒክ ወዷት፣ እሷም ወዳው፣ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ተቆርጧል። የኑሩ አባት በሕይወት ስላልነበረ ነገሩን የያዙት አያቱ ሐጂ እንድሪስ ናቸው። ሐጂ እንድሪስ ደግሞ በጋብቻ ነገር የማይቀልዱ፣ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያስቆጥሩ ሰው መሆናቸው እስከ ደሴ ይሰማል።

የዝየራው ቀን ሲደርስ አባባ «ዘንድሮ ይቅር» አለ።

እትዬ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ምን አገኘህና?»

«የሚያየን ሰው አይጠፋም። ኑሩ ዘመዶች ሐርቡ አሉት። ወዴት ነው የምትሄዱት፣ ለምንድን ነው ቢሉ ምን እላለሁ?»

«ሁልጊዜ የምትለውን በላቸው።»

«እትዬ፣ ስለ ልጄ ነው የምናገረው።»

«እኔስ ስለ ማን የምናገር መሰለህ?» አለችና ምስሩን ወደ ጎን አደረገችው። «እናታችን ታማ እንኳ ሄዳለች። እኔ በእግሬ ቆሜ አልቀርም። ከፈራህ አንተ ቅር።»

አልቀረም። አባባ እህቱን ብቻዋን ገደል የሚሰድ ሰው አልነበረም። ከድጃና እኔ ተያየን። አንድ ነገር እንዳለ ያኔ ገባን፤ ምን እንደሆነ ግን ሁለታችንም አናውቅም።

የዚያ ዓመት ማሽላ ሰው ይውጥ ነበር። ጠዋት በመካከሉ ስናልፍ ጤዛው ትከሻችንን አራሰው። ጅረቱን በውኃው ውስጥ ጨርሰን፣ ጫማችንን አጥልቀን ወደ ድንጋዩ ጥላ ስንወጣ የሰው ድምፅ ሰማን። አባባ እጁን ዘርግቶ አቆመን። ከዚያ በፊት እዚያ ሰው አይተን አናውቅም።

አንዲት ሱሪ የለበሰች፣ ፀሐይ ያጠቆራት ወጣት ሴት ተንበርክካ መሬቱን በብሩሽ ትጠርጋለች። ሁለት ተማሪዎች አብረዋት አሉ። ወለሉ በሲባጎ ተሸንሽኗል። ስታየን ብድግ ብላ እጇን በሱሪዋ ጠራርጋ ሰላም አለችን። ሰብለ እባላለሁ አለች፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ የጥንት ሰዎች ትተውት የሄዱትን ዕቃ ከመሬት እያወጣች ታሪክ የምታጠና ናት። ሐርቡ ያሉ አስተዳዳሪዎች ፈቅደውላት እንደምትሠራ ወረቀቷን ልታሳይ ስትል አባባ «አያስፈልግም፣ እኛ አላፊዎች ነን» አለ። ሊያሳልፈን ፈለገ። እትዬ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው የኔ ልጅ?» አለቻት።

ሰብለ ሳቀች። «መንገድ ነው እማማ። ድሮ የሲራራ ነጋዴዎች በዚህ ሜዳ ሰው እየነዱ ወደ ባሕሩ ይወርዱ ነበር። እነሱ የሄዱበት መንገድ ይታወቃል፣ ገበያውን ከገበያው እያያያዙ ማግኘት ይቻላል። እኔ የምፈልገው ከእነሱ እጅ ያመለጡት የሄዱበትን ነው። ያመለጠ ሰው በደህና መንገድ አይሄድም። ስለዚህ ውኃ የሚቀርበው፣ ከታች የማይታይ፣ ከላይ ግን ሁሉን የሚያሳይ ቦታ እየፈለግኩ ገደሉን ስዞር ከረምኩ። ይኸው ይህንን አገኘሁ።»

አባባን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል።

ሰብለ ጨርቅ ዘርግታ ያገኘችውን አሳየችን። የተለያየ ቀለም ያለው ጨሌ፤ የአንድ አገር እጅ ብቻ ያልሠራው የሸክላ ስባሪ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመሃሉ በድንጋይ ተቀጥቅጦ የተሰበረ የእግር ብረት ግማሽ። ዝገቱ ቢበላውም ክቡ ይታያል። የቁርጭምጭሚት ልክ ነው። ከድጃ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አመዱም ከጥላው ወደ ውስጥ ነው» አለች ሰብለ፤ «ደጃፉ ላይ እሳት የነደደበት ምልክት የለም። ጭሱ እንዳይታይ ነው። እዚህ ጥግ ደግሞ በጭቃ የተለሰነ የእህል ጉድጓድ አለ። ያልገባኝ አንድ ነገር ይህ ነው። ከላዩ ላይ ያለው እህል አዲስ ነው፣ የአምና ወይ የካቻምና ነው። አይጥ ነው ብንል ጤፍና ሽንብራ አንድ ላይ አይጥ ከየት ያመጣል?»

እትዬ ሉባባ ዕቃዋን ፈታች፤ እፍኟን ሞላች፤ ሲባጎውን በጥንቃቄ ተሻግራ እህሉን ጉድጓዱ ውስጥ አፈሰሰች።

«ሉባባ!» አለ አባባ።

ድምፁ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። በዚያ መንገድ ላይ ስም ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። አባባ ታላቅ እህቱን በባዶ ስሟ ሲጠራም ሰምቼ አላውቅም። ራሱም ደነገጠ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀረ።

ሰብለ ቀስ ብላ «እርስዎ ነዎት?» አለች።

«እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት እናቴ ናት። ከእሷ በፊት የእሷ እናት።»

«አባባ» አለች ከድጃ፤ «ምንድን ነው የምሰማው?»

አባባ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። የተናገረችው እትዬ ናት። ድንጋዩ ላይ ተመልሳ ተቀምጣ፣ ለእኛም ለእንግዳዋም እኩል ተናገረች።

«ትልቋ እናታችን፣ የእናቴ እናት፣ ልጅ ሆና ከጊቤ ወዲያ ነው የተነጠቀችው። ቢፍቱ ነው ስሟ። ከአገሯ የምታስታውሰው ደጃፋቸው ላይ ጎመን እንደነበረ ብቻ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጧት ቋንቋው ተቀያየረባት። እዚህ ሜዳ ሲደርሱ ቦርከና ሞልቶ ሲራራው ቆመ። ወንዶቹ በብረት ናቸው፤ እሷ ልጅ ናት ተብላ ሳትታሰር ውኃ ትቀዳለች። አንዲት የዚህ አገር ሴት ለሰፈሩ እንጨት ልትሸጥ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ውኃው ዳር በገዛ ቋንቋዋ አናገረቻት። ያ ረቢ! ስንት ጊዜዋ ነው ያንን ቋንቋ ከሰማች? ‹ውኃው ውስጥ ውስጡን ሂጂ፣ ዳር ዳሩን አትሂጂ፤ እግርሽን ያዩታል። እሳት አታንድጂ። የሚጠራሽ ቢኖር አቤት አትበይ፣ ስምሽንም ቢሆን። ድንጋዩ ጥላ ስትደርሺ እህል አለ፣ ብይና ውጪ› አለቻት። ሄደች። ያቺን ሴት ዳግመኛ አላየቻትም።»

«ከዚያስ?» አለች ሰብለ።

«ከዚያማ ደጋ ወጣች። ኩታበር የአንድ ገበሬና የሚስቱ ደጅ ወደቀች። የማን ልጅ ነሽ አላሏትም። እርቦሻል ወይ ነው ያሏት። እዚያው አደገች፣ እዚያው ተዳረች። ታዲያ በየዓመቱ ቦርከና ሲጎድል እህል ይዛ ትወርዳለች። ለመዘየር እንዳይመስላችሁ። ንግዱ ገና አልቆመም፤ ጉድጓዱ ባዶ እንዳይሆን ብላ ነው። ብትያዝ የሚሆነውን እያወቀች! በኋላ ንግዱም ቀረ፣ እሷም ሞተች፣ እኛ ግን መተዉን አላወቅንበትም።» ወደ ገደሉ አየችና «እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ብቻዋን መሆኗ ነው። ያች ሕፃን፣ ይህንን ገደል፣ ብቻዋን» አለች።

ሰብለ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበረከከች። «እማማ፣ ይህንን ይዩ» አለች። ግማሹን በጥንቃቄ ቆርጣ ስለቆፈረችው ጎኑ እንደተደራረበ ጨርቅ ይታያል። ከታች የከሰለ ማሽላ፣ ከላዩ አፈር፣ ከዚያ ገብስ፣ እንደገና አፈር፣ ጭቃውም ደጋግሞ ተለስኗል። «ይህ ጉድጓድ አንድ ሰው የሞላው አይደለም። ታችኛው እህል ሲቀመጥ ቢፍቱ አልተወለደችም ይሆናል። ማሽላው ከቆላ ነው፣ ገብሱ ከደጋ። ከታችም ከላይም ሰው ያመጣ ነበር ማለት ነው። ጨሌውም የአንድ አገር ሰው ጨሌ አይደለም። ከእሷ በፊት ብዙ ሰው አልፏል፤ ከእሷም በኋላ፣ እሷ ባመጣችው እህል።»

እትዬ አየችው፤ ደጋግማ አየችው። «ብቻዋን አልነበረችማ!» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ያቺ ሴት ባሏ ሲሞት እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰችም ይባላል። ለቅሶዋ ግን የሐዘን አልነበረም፤ ከባድ ጭነት ከጀርባው የወረደለት ሰው የሚተነፍሰውን ነበር የምትተነፍሰው።

አባባ ግን ወደ ሰብለ ዞሮ «እህቴ፣ ይህን የሰማሽውን ትጽፊዋለሽ?» አላት።

«ሳትፈቅዱልኝ አልጽፍም። ስለ ቦታው እጽፋለሁ። ስለ እናንተ ግን የሚፈቅደው የእናንተ አፍ ነው።»

«ልጄ ልትዳር ነው። አገሩን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ» አለች ሰብለ፤ አንገቷን ደፋች።

የቀረውን መንገድ ስንወጣ እትዬ ወደኋላ ቀርታ እኔና ከድጃ ሰምተን የማናውቀውን ነገረችን። አባባ በወጣትነቱ አንዲት ልጅ አጭቶ ነበር። ቀን ተቆርጦ፣ ልብሷን በገዛ እጁ ሰፍቶ ሳለ ወላጆቿ ምክንያቱን ሳይናገሩ ነገሩን አፈረሱት። አንድ ሰው ብቻ መንገድ ላይ ሲያልፍ የማይደገም ቃል ወረወረበት። ከዚያ ወዲህ አባባ ሰው ሲስቅ ባየ ቁጥር በእሱ የሚስቅ ይመስለዋል አለች። እንግዳ ሲመጣ ለምን ከማንም ቀድሞ ብድግ እንደሚል፣ መስጊድ ለምን ከኋላ እንደሚቀመጥ ያኔ ገባኝ።

ደጋው ላይ ቀዝቃዛው ነፋስ ሲቀበለን ከድጃ አባባን ደረሰችበት። ነጠላዋ ይርገበገባል።

«አባባ፣ የቱ ነው የሚያሳፍረው?» አለችው። «መነጠቋ ነው? ማምለጧ ነው? ወይስ እየተመለሰች እህል ማስቀመጧ?»

«ለኔ አንዱም አያሳፍረኝም። ለሰው ነው።»

«እንግዲያው ለሰው ንገረው። ገብቼበት ከሚሰሙት ሳልገባ ይስሙት። ኑሩ ቤት ገብቼ እንዳንተ ሰው በሳቀ ቁጥር ልደንግጥ?»

አባባ ብዙ ሄደ። ከዚያ «እሺ» አለ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ዝናብ መትቶ አባርቶ ነበር። ሐጂ እንድሪስ ሁለት ሰዎች አስከትለው ገቡ፤ ረጅም፣ ጢማቸው ነጭ፣ ዱላቸው የተወለወለ። ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ተቀዳ፤ የኮምቦልቻ ሙቀትና የደሴ ብርድ ተነሣ። እኔ፣ ከድጃና እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ነን። ከድጃ የነጠላዋን ጥለት እያጠፈች ትፈታዋለች።

ሐጂ ጉዳያቸውን ሊያነሡ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አባባ ቀደማቸው።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ከመጠየቅዎ በፊት እኔ የምነግርዎ አለ።»

ተናገረ። ምንጣፉን እያየ፣ ቃል ሳያበዛ፣ ከጊቤው ጀምሮ እስከ ኩታበሩ ደጃፍ ድረስ። የእግር ብረቱንም ነገር አልተወም። ሲጨርስ የሐጂ ዱላ መሬቱን ሲነካ ሰማን። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ተነሡ። ማንንም ሳያዩ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ።

አብረዋቸው የመጡት ሁለቱ ተያዩ። አንደኛው ሻዩን አንሥቶ ሳይጠጣ አስቀመጠው። አባባ እንደተቀመጠ ነው። ከድጃ ነጠላዋን ማጠፍ አቆመች፤ እንባ የላትም፣ የፊቷ ቀለም ብቻ ጠፋ። እትዬ ክንዷን ይዛ «አብሽሪ» አለቻት። «አብሽሪ የኔ እናት፣ ካልፈለጉ እነሱ ይቅርባቸው።» ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ ቆጥሬው የማልጨርሰው መሰለኝ።

በሩ ተከፈተ። ሐጂ እንድሪስ ነበሩ። ጢማቸው ውኃ ያንጠባጥባል፤ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ተሰብስቧል።

«የዐስር ሶላት ሊያልፈኝ ነበር» አሉ። «ወላሂ የመስጊዳችሁ ውኃ በረዶ ነው! እንዴት ነው ክረምቱን የምትችሉት?»

ሐጂ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ተቀመጡ፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ዝም ብዬ በመውጣቴ አትቀየመኝ ሰይድ። የነገርከኝን ሰምቼ ወዲያው ብናገር ምላሴ ይቸኩል ነበር። ልስገድና ልናገር ብዬ ነው። እኔ ስንት ልጅ ስድር፣ ስንት ቤት ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ ሳልጠይቀው የነገረኝ ሰው አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። እንግዲህ አንተም ያልጠየቅከኝን ስማ። የኔ ቅድመ አያት ሲራራ ነጋዴ ነበር። የጨው ነጋዴ ነው ይሉናል፤ ጨውም ነበረው። ጨው ግን በእግሩ አይሄድም። ከጭነቱ ውስጥ በእግሩ የሚሄድም ነበረበት። ቤታችን ይህንን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም። ሰባት ቤት ስንቆጥር የተሸጠውን እንጂ የሸጠውን ማን ጠይቆ ያውቃል? የሚያሳፍር ካለ የኔ ነው። ልጅህን ስትሰጠኝ ይህን አውቀህ ስጠኝ። አልሰጥም ብትልም አልፈርድብህም።»

አባባ ቀና አለ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። እንዲህ ሲስቅ ሰምተነው አናውቅም፤ ከሆዱ ነው የሚስቀው፤ እንባው ይወርዳል፣ ይስቃል። ያኔ እትዬ ሉባባ ከመጋረጃው ጀርባ እልልታዋን ለቀቀችው።

«ቆይ እንጂ!» አሉ ሐጂ ደንግጠው፤ «ሰውዬው ገና እሺ አላለም!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከድጃ ትከሻዬ ላይ ፊቷን ደፍታ አለቀሰች፤ ክብደቷ ሁሉ እኔ ላይ ነበር፣ ልይዛት አልቻልኩም፣ ሁለታችንም ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን።

ጥር ላይ ተዳረች። በተከታዩ ዓመት ቦርከና ሲጎድል ሰብለ አብራን ሄደች፤ ፈቃዱን የላከላት ራሱ አባባ ነው። ሐጂ ገደሉን ለመውጣት ጉልበታቸው አልፈቀደም፤ ሐርቡ ድረስ መጥተው አንድ ቁና ማሽላ ሰጥተውን ዛፍ ጥላ ሥር ቀሩ። ሰብለ እትዬን እግር በእግር ተከተለቻት። እትዬ ምክንያቱን ሳታውቅ በልማድ ከመንገዱ የምትታጠፍበት ቦታ ሁሉ ሰብለ ቆማ ትፈልጋለች፤ እንዲህ እያለች የደጋው ጫፍ እስኪደርስ ሌሎች ሁለት መጠጊያዎች አገኘች፤ አንደኛው ከታች እንዳያሳይ ከፊቱ ዝቅ ያለ ካብ ተክቦለታል። ከእኛ ሰው የገባበት አልነበረም። እትዬ ካቡን በእጇ እየዳበሰች «ማነው የደከመልን?» ትል ነበር። በኋላ ሰብለ መንገዱን በካርታ አድርጋ ስታሳየን ከሜዳው እስከ ኩታበር አንድ ቀጭን መስመር ወጣ። አባባ ብዙ አየውና «የኔን ስም ተዪው፤ የቢፍቱን ግን ጻፊ» አላት። ጻፈችው።

አባባና እትዬ ዛሬ የሉም። አባባ ከዚያ በኋላ የኖራቸውን ዓመታት መስጊድ የፊተኛው ረድፍ ላይ ሰገደ፤ በሠርግ ቤት ቀልድ የሚያወራ፣ ከሐጂ እንድሪስ ጋር በስልክ የሚከራከር ሰው ሆነ። ሰፈራችን «ሰይድ በስተርጅናው ወጣት ሆነ» ይል ነበር።

እኔም ዛሬ እሱ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ልጆቼም የከድጃ ልጆችም ታሪኩን ያውቁታል፤ ለሰው ሲያወሩት እሰማለሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም። በሩን አያዩም። አንዱ ሲያወራ ሌላው «እሱን ነገርከን እኮ» ብሎ ያቋርጠዋል፤ ወደ ኳስ ወሬ ይሄዳሉ። ድሮ ድሮ ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር፤ አባባ ያንን ሁሉ ተጨንቆበት እነሱ እንዲህ ያቀሉታል እል ነበር። አሁን ግን ሲያቋርጡት ደስ ይለኛል። ፍርሃት ሳይነገር የሚወረስ ነገር ነው፤ እኛ ወርሰነዋል፣ ምን እንደምንፈራ ሳናውቅ ፈርተናል። እነዚህ ልጆች ግን እንኳን ሊፈሩት፣ ሰልችቷቸዋል።